ከኬላው ወዲያ የነበረው ነጻነት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ከተከለከለ ወዲህ፣ ስለዚህ ተሽከርካሪ በጋዜጦች የማነበው ከንጥቂያና ከአደጋ ጋር የተያያዘውን ብቻ ሆኗል። በክልከላው ላይ ለመከራከር አልተነሣሁም፤ ቦርሳዋን በሞተረኛ የተነጠቀች እህት አለችኝ። ሞተር ሳይክል ለእኔ ዘመን የገጠር ሠራተኛ ምን እንደነበረ ግን ሳይነገር ባይቀር እወዳለሁ።

በ1979 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በቢቸና አውራጃ፣ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ስመደብ አንድ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል በንብረት ወጪ ቅጽ (ሞዴል 22) ፈርሜ ተረከብሁ። ሞተሩ የመንግሥት ነበር፤ ልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሴ አድርጎታል። የደስታ በሽታ (ከብት የሚፈጅ ወረርሽኝ) ክትባት የያዘውን የበረዶ ሣጥን ከኋላ ባለው ሰፊ መጫኛ ላይ ከአሮጌ ካላማደሪያ በተቀደደ ላስቲክ አስሬ፣ በረዶው ሳይሟሟ ከብቶቹ ወደተሰበሰቡበት ለመድረስ ገና ሳይነጋ እነሣ ነበር። በክረምት የቢቸና ዋልካ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬውን አላዞር ስለሚል፣ በየመቶ ሜትሩ ወርጄ በእንጨት እፈቀፍቅ ነበር። ወደ ጮቄ ሲወጣ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለቆላው የተስተካከለው ካርቡራቶሪ ቤንዚን ያበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብስና ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ያስላል። ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል መካከል ቁጭ ብዬ ካንዴላ ስጠርግ ያየኝ እረኛ ሁሉ መካኒክ ነበር፤ ምክር የማይሰጥ አልነበረም።

ነጻነት የምለው ግን ፍጥነቱን አይደለም፤ በዚያ መንገድ ከበቅሎ ብዙም አንበልጥም ነበር። ያ ዘመን ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ራቅ ወዳለ ከተማ የማይሄድበት፣ ስብሰባውም ሪፖርቱም የማያልቅበት ዘመን ነበር። እኔም ኬላ ላይ ወረቀቴን አሳያለሁ፣ የበረዶ ሣጥኔ ተከፍቶ ይፈተሻል። ኬላው ከኋላዬ ከቀረ በኋላ ግን እስከ ማታ ድረስ የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሊቀ መንበርም፣ አለቃም፣ ካድሬም አልነበረም። በኩፖን የሚሰጠንን ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቼ ስወርድ፣ የምሰማው የንፋሱንና የጎማውን ድምፅ ብቻ ነበር። ያንን ዝምታ ከዚያ በኋላ በየትኛውም መኪና ውስጥ አላገኘሁትም።

በ2003 ዓ.ም. የደስታ በሽታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ክትባቱን ያገኙ ሊቃውንት መመስገናቸው ተገቢ ነበር። እኔ በሬዲዮ ስሰማ ያስታወስሁት ግን ከብዙ ዓመት በፊት በሐራጅ የተሸጠውን ያማሃ ነው።

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄጄ ሳለ፣ ሁለት የወተት ጀሪካን የጫነ ያንኑ ዓይነት ሞተር ገበያ ዳር ቆሞ አየሁ። የእኔው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ መጠኑን ማየቴ አልቀረም፤ ዘይቱ ካለቀ ሞተሩ ደርቆ እንደሚያዝ ከአንድ ደሞዜ ተቆርጦ ተምሬአለሁና። ባለቤቱ ወጣት ሳቀና ጀሪካኖቹን አወረደ፤ «አባባ፣ ይሞክሩት» አለኝ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣልኝ፤ ከከተማው ጫፍ ደርሼ ተመለስሁ። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ሞተር እንዳልነካ የከለከለችኝ ባለቤቴ ይህን የምታውቀው፣ ደብዳቤዬን ካወጣችሁልኝ፣ ከእናንተው ጋዜጣ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር