ከባቄላሽ ጠባቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን እንደምታውቂያት ናት፤ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ስላደረ የምጽፍልሽ ጋቢ ደርቤ ነው። ሰመራ በገባሽ በሦስተኛው ቀን ደውለሽ «አባዬ፣ እዚህ ተቀምጬ እንኳን ልብሴ በላብ ይርሳል» ስትዪ እናትሽ ደነገጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ። ላብሽ ከመጣ ሰውነትሽ ሥራውን ይዟል ማለት ነው።

እዚህ ውርጩ ሲነካን በቆዳ ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣታችን የሚነጣው ለዚህ ነው። ያ አልበቃ ሲል ጡንቻ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመነጫል። አንቺ ዘንድ ግን የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ላብ ይወጣል፣ ላቡም ሲተን ከቆዳሽ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት የወደቀው ከንቱ ነው፤ የሚያቀዘቅዝሽ የተነነው ብቻ ነው። እኔ በዚህ ብርድ፣ አንቺ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት፣ የሁለታችንም ውስጥ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን የምትጠብቀው ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ናት፤ አንድም ቀን አማክራሽ አታውቅም።

እኔ ግን በየቀኑ የምማከርበት ጉዳይ አለኝ። ቆሽቴ ኢንሱሊን ማመንጨት ካቆመ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ነው። አንቺ እንጀራ ስትበዪ የደምሽ ስኳር ከፍ ሲል ቆሽትሽ ስኳሩን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ይለቃል፤ ሲወርድ ደግሞ ግሉካጎን ይልክና ጉበትሽ ያጠራቀመውን ስኳር ያወጣል። አንቺ የምታውቂው መራብሽንና መጥገብሽን ብቻ ነው። እኔ ያንኑ ሥራ በመርፌና በሒሳብ እሠራለሁ፤ እሳሳታለሁም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መርፌዬን ወግቼ፣ «ቶሎ ይደርሰኛል» በሚል ስንፍና ቁርስ ሳልበላ አንድ ቢሮ ሰልፍ ያዝኩ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በዚያ ብርድ ግንባሬን ላብ አጠመቀው። ስለካው ከ70 በታች መውረድ የሌለበት ስኳር 52 ሆኗል። ያ ላብ የሙቀት አልነበረም፤ ስኳር ያነሰው ሰውነት ሲጨንቀው የሚያሳየው ምልክት ነው። ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረች ሴት ከሻይ ቤት አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ሻይ ባታመጣልኝ እዚያው እዘረር ነበር። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

አሁን ወደ አደራሽ ልምጣ። የቲማቲም ጣሳው ውስጥ የተከልሽው ባቄላ ስንዝር አልፏል። በየሦስት ቀኑ ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞርበታለሁ፤ እሱም አንገቱን መልሶ ወደ ብርሃኑ ይጠመዝዛል። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ወደ ጨለማው ጎን ይበዛና የዚያ ጎን ሴሎች ይረዝማሉ፤ አንዱ ጎን ሲረዝም ግንዱ ወደ ሌላው ይጎብጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ ባሳተመው ሥራ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ቆብ ሲደፉበት ሳይጎብጥ መቅረቱን ጽፏል። ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ፣ የሚጎብጠው ከጫፉ በታች ያለው ነው። እኛም አባትና ልጅ ነን ብዬ ለባቄላሽ የወረቀት ቆብ ሠራሁለት። ወደቀ። እናትሽ ሳቀችብኝ።

አንድ ሌሊት ደግሞ ድመቷ ጣሳውን ገልብጣው አደረች። ጠዋት ሳየው ግንዱ ተኝቶ ጫፉ ሽቅብ ቀና ብሏል፤ በጨለማ፣ ብርሃን ሳይመራው፣ ላይና ታቹን ለይቶ። እኔ ስኳሬን ሳስተካክል ምልክት አይቀርብኝም። ባቄላሽ ግን የሚያስተካክለው በማደግ ስለሆነ ያዞርኩበት ቀን ሁሉ ግንዱ ላይ ቀርቷል፤ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ሆኗል። ባዶ ጣሳ አጠገቡ አስቀምጬ ለሁለተኛ ዘር ብጠቀም ፈቃድሽ ነው?

ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆንሽ ሰውነትሽ ሙቀቱን ይለምዳል፤ ላብሽ ቶሎ ይመጣል፣ ጨውም ይቀንሳል። እስኪ ከንፈርሽ ላይ ሲወርድ ቅመሺውና ጻፊልኝ።

አባትሽ