ቀስ አድርገሽ ስሚው

አዲስ አበባ
ግንቦት 2016

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ናፈቅሽኝ ማለት ከበደኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የአባባን ለቅሶ እንኳ በስልክ ነው የደረስኩት፤ ስልኩንም ቶሎ ዘጋሁት። አውቀዋለሁ። እዚህ ላይ ብዙ የማልቆየው ግድ ስለሌለኝ አይደለም። ሌላ የምነግርሽ ስላለ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ይህ ደብዳቤ ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው ፊደል፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ነው። በዚያ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ጽፌ ኮምፒውተርሽን አላስቀባጥረውም። ወረቀት ስካን አድርጌም አልላክሁልሽም። ስለዚህ ያቺ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሆና ጽሑፉን በድምፅ የምታነብልሽ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች ትወጣዋለች። ፍጥነቷን ግን ቀንሺልኝ። ዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ላይብረሪ ቁጭ ብለን እኔ አንድ አንቀጽ አንብቤ ትንፋሼን ሳልሰበስብ «ገባኝ፣ ቀጥይ» ትዪኝ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም። ዛሬ ብቻ ታገሺኝ።

ሰኞ አንዲት ልጅ እኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ትጀምራለች።

ሕግ ነው ያጠናችው። እንዳንቺው ዓይነ ስውር ናት። የቅጥር ፋይሏ በእኔ እጅ ነው ያለፈው። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ፋይሉን ዘጋሁት። ወርጄ ሻይ ጠጥቼ፣ ተመልሼ ነው የቀጠልኩት። አንቺ ስለዚያ ትምህርት ቤት ትነግሪኝ የነበረው ነው የመጣብኝ።

በፈተናው አንደኛ ወጥታለች። ይህን የምነግርሽ ከወዲሁ «በልዩ ድጋፍ ነው የገባችው» የሚል ወሬ ሻይ ክበብ ውስጥ ስለሰማሁ ነው። በድጋፍ ብትገባስ ምን ነውር አለው? ግን ድጋፉ አላስፈለጋትም። ነጥቧ ከሁሉም ይበልጣል።

እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ አካቶ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ የልጅቷ ነገር የእኔ ኃላፊነት ነው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

የሚገርምሽ፣ ክፉ የሚያስብላት የለም። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል እንጂ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ «ምስኪን፣ ቀላል ቀላል ሥራ እንሰጣታለን» አለኝ። ከልቡ ነው። ቀላል ቀላል ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሥራ የለም ማለት ነው። ስድስት ወር ሲሞላ ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይመጣል። ያልተሰጣትን ሥራ ምን ብለው ሊመዝኑት ነው? ሌላው ደግሞ «እንደ የትነበርሽ ንጉሤ ትሆናለች» ይላል። ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ በ2010 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች ሲባል ሻይ ክበቡ ውስጥ እንዴት እንደጮህን ትዝ ይለኛል። ግን አንዲት ተራ የሕግ ባለሙያ፣ ሰኞ ሰኞ የሚደክማት፣ አንዳንዴም የምትሳሳት፣ ዓይነ ስውር ሆና መሥራት አይፈቀድላትም? ወይ ምስኪን ወይ ጀግና። መሃል ላይ ወንበር የለም።

አይቲው ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ኤንቪዲኤ ጫንልኝ ስለው «ቫይረስ ያስገባል፣ በጀትም አልተያዘለትም» አለኝ። ነፃ መሆኑን፣ አማርኛም እንደሚያነብ ያወቅሁት ከአንቺ ነው። ዝም ብዬ የራሴ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ጆሮ ማዳመጫ ይዤ ሄድኩና ከመዝገብ ቤታችን የወጡ ሁለት ደብዳቤዎች ከፈትኩለት። አንዱን አነበበለት። ሁለተኛው ስካን ስለሆነ ጸጥ አለ። ልጁ ማዳመጫውን አውልቆ «ደብዳቤዎቻችን በሙሉ እንዲህ ናቸው እኮ» አለኝ። ያኔ ነው የገባው። አሁን ከመዝገብ ቤት ጋር ሆኖ ወደ ሕግ ክፍል የሚሄደው ሁሉ የተተየበው ፋይል አብሮት እንዲሄድ እየለፋ ነው። ማህተም ያለበት ስካን ይቅር አላልንም። ከጎኑ የሚነበበው ይጨመር ነው ያልነው።

ፋይናንስ ጋ ያለው ግን ከእኔ አቅም በላይ ሆነ። ኃላፊዋ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥታ አንቀጽ 1728ን አሳየችኝ። የዓይነ ስውር ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድድም የሚለውን። «ንብረት ስትረከብ ምስክር ይዛ ትምጣ» አለች። ለመሥሪያ ቤቱ የሕግ አስተያየት ጽፋ የምትፈርም ሴት ወንበርና ኮምፒውተር ለመረከብ ምስክር? አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ማጽደቋን፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ 568/2000 መኖሩን ነገርኳት። «ታዲያ ፍትሐ ብሔሩን ሽሮታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌ ተያዘ። ይህን አንቺ መልሺልኝ። የሕግ ሰው አንቺ ነሽ።

ስለ ሕፃናት ማቆያው ሳልነግርሽ አላልፍም። ካለፈው ዓመት ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጅም ያዛል። እኛ ጋ ግን በ91ኛው ቀን ሥራ የሚገቡት እናቶች ሽንት ቤት ገብተው ጡታቸውን ያልቡ ነበር። አንዷን ሳላውቅ በሩን ከፍቼ አገኘኋት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ስለምን ከረምኩ። ተሰጠኝ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ቀለም ቀባን፣ ምንጣፍ አነጠፍን፣ አልጋ ገዛን፣ ሪባን ተቆረጠ። በወሩ ሦስት ሕፃናት ብቻ ቀሩ። እኔ እናቶቹ ላይ ተናደድኩ። ነገሩን ያስረዳችኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሊፍቱ እንደምታውቂው ነው። ለማጥባት የምትወጣ እናት ዕረፍቷን ደረጃ ላይ ትጨርሰዋለች። «ቆይ፣ እናቶቹን ጠይቀሻቸዋል?» አለችኝ። አልጠየቅኋቸውም ነበር።

አሁን ምድር ቤት፣ የተሰበረ ወንበር ይከመርበት የነበረው ክፍል ውስጥ ነን። አልጋዎቹ ሞልተዋል። የጽዳት ሠራተኛዋም ልጇን ታመጣለች። መጀመሪያ «የኤጀንሲ ሠራተኛ ናት፣ አይመለከታትም» ተብዬ ነበር። ልጁ በራፉ ላይ ቆሞ ሌሎቹ ሲጫወቱ እያየ እሷ ወለሉን እንድትወለውልላቸው ነው እንዴ የሚፈልጉት? ብዙ ተጨቃጭቄ ገባ። ጉንጩን ብትነኪው!

ይህችንም ልጅ ሳልጠይቃት አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳላወጣት ነው ጭንቀቴ። በአንድ ሰው ላይ አድርጌዋለሁና።

አሁን ወደዚያ ልምጣ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

የሠራተኛ ድልድሉ ቀን፣ ኮሚቴው ውስጥ ምን እንዳልኩ በሩ ላይ ጠይቀሽኝ ነበር። «ምንም ማለት አልቻልኩም» አልኩሽ። ውሸት ነው። ተናግሬያለሁ። ሰብሳቢው «ደረጃ ወጥታ ወርዳ ከምትንገላታ ስልክ ቤት ብትሆን ለእሷም ይሻላታል» አለ። ደረጃ ከሁላችንም ቀድመሽ የምትወጪውን። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ ጓደኛዋ ናት ብለው። እኔም «አዎ፣ ይቀላታል» አልኩ። ሁለት ቃል ናት። ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። ስድስት ዓመት የሕግ ጉዳይ ስትመረምሪ የኖርሽውን ስልክ ላይ አስቀመጥንሽ። ስልክ ማንሳት ነውር ሆኖ አይደለም። የተማርሽው እሱ አልነበረም፣ ማንም ደግሞ አልጠየቀሽም።

ለምን እንዳልኩት ብዙ አስቤያለሁ። የእኔም የሥራ ደረጃ በዚያው ሳምንት ነበር የሚወሰነው፤ ፈራሁ። ሌላም አለ፣ እሱን መጻፍ ያሳፍረኛል። ደክሞኝ ነበር። ሰነድ በመጣ ቁጥር «አንብቢላት» እየተባልኩ ሥራዬን ጥዬ እመጣ ነበር። የሚያስፈልግሽን ረዳት መመደብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ 568 እንዲያ ይላል። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ማስረጃ ላቀረበ ሰው፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው እንደሚዞርም ይላል። አንቺ ይህን በቃልሽ ታውቂው ነበር። እኔ አንብቤ የጨረስኩት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዕዳ እኔ ተሸክሜ፣ ምሬቴን በአንቺ ላይ አደረግሁት።

ከዚያ በኋላ በስልክ ቤቱ ሳልፍ በጣቴ ነበር የምሄደው። ኮቴዬን ትለዪዋለሽ። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ሁሉ ገዛሁ። አንድ ቀን በዚያ ጫማ ሳልፍ ከውስጥ «ደህና ዋልሽ» አልሽኝ። ስሜን ጠርተሽ። አልመለስኩልሽም። ሄድኩ።

ይኸው ነው። ከላይ ይቅርታ ያልኩሽ ለዝምታዬ ነው። ለዚህኛው የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ውሰጂ። ስለ 1728 ግን ከሰኞ በፊት መልሺልኝ። እሱ የልጅቷ ጉዳይ ነው።

ሌላም የምጠይቅሽ አለ። ረዳት ልመድብላት ወይስ መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ ብዬ ልጽፍልሽ ስል መልሱን በድምፅሽ ሰማሁት። እሺ፣ እጠይቃታለሁ። ግን እንዴት አድርጌ? በመጀመሪያ ቀኗ «ምን ያስፈልግሻል?» ብትባል «ምንም» ነው የምትለው። አንቺም እንዲያ ነበር ያልሽው። እኛም ደስ ብሎን ፋይሉን ዘጋነው። በስንተኛው ሳምንት ተመልሼ ልጠይቃት? ከእኔ ይልቅ ለሌላ ሰው መንገር ይቀላት ይሆን? አንቺ ያኔ ማን ቢጠይቅሽ ትናገሪ ነበር?

ደግሞ ዓርብ ለክፍሉ ሠራተኞች አጭር ገለጻ ልሰጥ አስቤያለሁ። ልጅቷን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስለ አካል ጉዳተኝነት መስበክ ሆዴ እምቢ አለኝ። ስለ እሷ አንድም ቃል አላወራም። ስለ ሥራችን ነው። ኮሪደሩ ላይ የተከመረው ካርቶንና ወንበር ይነሳ። ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ስሙን ይጥራ። ወደ ቢሮዋ የገባ ሰው ሲወጣ ወጣሁ ይበል። ማንም ሳያስፈቅድ እጇን አይጎትት። እነዚህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የረሳሁት ካለ ጨምሪበት።

ልጅቷ ከፈለገች ስልክሽን ልስጣት? እምቢ ብትዪ አልቀየምም። ባሕር ዳር ድረስ መጥቼ ላይሽም እፈልጋለሁ፤ ሐምሌ ላይ ዕረፍት አለኝ። እሱንም አትምጪ ካልሽኝ እቀራለሁ። በጽሑፍ መመለስ ከሰለቸሽ ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ። እኔ እንደሆንኩ ፍጥነት አልጨምርበትም።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ነው የምቀበላት። ክርኔን አቀርብላታለሁ፤ ከፈለገች ትይዛለች፣ ካልፈለገች በነጭ በትሯ ትገባለች። ያን ለስላሳ ጫማ ለሰው ሰጥቼዋለሁ። ተረከዙ የሚጮኸውን ነው የማደርገው።

ያው ጓደኛሽ