የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ካርዱን ይዘን ሐረጎን ወረድን

ዘንድሮ እዚህ ደሴ ክበባችንን «የጌም ቤት» ያላለ የለም። ይሁን። ልጆቹ ግን ዓመቱን ያሳለፉት አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራውን የኮምፒውተር ክፍል) ሲመርጡና ኦቨርክሎክ ሲያደርጉ ነው። ይኸውም የካርዱን ፍጥነት ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ መግፋት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ዋትም ሙቀትም ይጨምራል፤ የፊዚክስ መምህራን ደስ ይበላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በምርጫ፣ በመዋጮና በቃለ ጉባኤ አለቁ።

ክርክሩ የጦፈው ካርድ መረጣው ላይ ነው። አብዛኞቹ አርኤክስ 570 ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ። ጥሩ ካርድ ነው፤ ግን 150 ዋት ይበላል፣ ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣ የራሱ ገመድም ይፈልጋል። የእኛ ኮምፒውተር ደግሞ ከቢሮ የተረፈ ስለሆነ ገመዱ የለውም። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ቢበዛ 75 ዋት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በዚያችው የሚሠራውን ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ያዝን፤ ያውም ባለ ሁለት ፋኑን። ኦቨርክሎክ ላሰበ ሰው ማቀዝቀዣው ቀልድ አይደለም። ሻጩ ፊት ሰክተን ፋኑ የሚንጫጫውን አንዱን መልሰናል።

ከዚያ በነፃ በሚገኘው አፍተርበርነር በተባለ ፕሮግራም ፍጥነቱን ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ፈተኑት። ስክሪኑ ላይ እንግዳ ነጠብጣብ ብቅ ሲል መለስ ይላሉ።

ልቤን የነካው የኮምቦልቻው ጉዞ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን እዚያ የጥገና ሱቅ አለው። የኮምፒውተሩን ኬዝ በጋቢ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ እየተቀባበሉ ታቅፈው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ወረዱ። ደሴ ላይ ፀጥ ብሎ ያለፈውን ፈተና ኮምቦልቻ ላይ ደገሙት። ፋኑ ጮኸ፣ ሙቀቱ ወጣ፣ ካርዱም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንስ ጀመር። ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ያላለች የ11ኛ ክፍል ልጅ ድንገት፣ «ቲቸር፣ ደሴ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ታዲያ ለምን እዚህ ባሰበት?» አለች። ሱቁ ጭጭ አለ። ቆየት ብላ ራሷ መለሰችው፦ የደሴ አየር ቢሳሳም ብርዱ ያካክሰዋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ አየሯ ወፈር ቢልም ከመነሻው ሞቃት ነው። ይህን ጥያቄ እኔም አላሰብኩትም ነበር።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤሳችን በዓመቱ አጋማሽ ሞቷል። መብራት በሄደ ቁጥር የጀመርነው ፈተና ሁሉ ገደል ይገባል። በጦርነቱ ጊዜ ባዶውን የቀረው ላቦራቶሪያችንም እስካሁን አልተሟላም። ለማሊያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ ቅናት አይደለም፣ ተናግሬያለሁ ብቻ።

ለከርሞ የምንፈልገው ያ የጎደለን የካርድ ገመድ (ባለ 8 ፒኑ) ያለው 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ያን ጊዜ ትልቁን ካርድ እናስባለን። አዲስ አበባ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ወላጆችም ሐሙስ ከሰዓት ብቅ በሉ፤ ልጆቹ ራሳቸው ያስረዷችኋል።