የደሞዝ ወለሉ የት ደረሰ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ስራዬ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ማሸጊያ ላይ ነው። በ2011 የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156 ሲወጣ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ አሰሪ ከሱ በታች መክፈል የማይችልበት ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ይወሰናል ሲባል በጣም ደስ ብሎን ነበር፣ ይኸው እስከዛሬ ወለሉን አላየነውም፣ በሐምሌ 2016 ደሞ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተባለና ዘይቱም ታክሲውም የቤት ኪራዩም ጣራ ሲነካ የኛ ደሞዝ እዛው ቆሞ ቀረ።

ምሳ ሰአት መጥታችሁ እዩ፣ አንድ ምሳ እቃ ሽሮ ፍርፍር ለሦስት ሴቶች ነው፣ ከዛ እስከ ማታ ቆሞ መስራት አለ። ግብሩ ግን ገና ደሞዙ እጃችን ሳይገባ ነው የሚቆረጠው፣ እሱ ላይ ማንም አይዘገይም።

በምርጫ ሰሞን ሰፈራችን መጥተው የሰበሰቡን ሰዎች ዛሬ በቲቪ ስለ እድገት ሲያወሩ ያማል፣ የማን እድገት ነው? ቦርዱ መቼ ስራ እንደሚጀምር ቀኑን ቆርጠው ይንገሩን።

የፋብሪካ ሰራተኛ፣ ከቱሉ ዲምቱ