አደራሽን በልቼ ነው የጠፋሁት

ውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ጉልበቴን እያለች ደህና ናት።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ስትደውዪ ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪዘጋ እያየሁት የተቀመጥኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ዛሬ ልንገርሽና ይውጣልኝ። ወደ ቨርጂኒያ ስትሄጂ "አደራ" ብለሽ ካስረከብሽኝ 23 ሰኩለንት፣ እነዚያ ውሃ በቅጠልና በግንዳቸው የሚያጠራቅሙ ተክሎችሽ፣ የቀሩት 9 ናቸው። የአደራ በላ ፊት ይዤ ምን ብዬ ላናግርሽ? የበላኋቸው እኔ ባልሆንም ያስበላኋቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ መንገድ ዳር ከሚሸጡ ልጆች አንዲት ኢቸቬሪያ ገዛሁ፤ ያቺ ቅጠሏ እንደ ጽጌረዳ የተደራረበው። ያንቺ ትልቋ ብቻዋን መስላ ስለታየችኝ ጓደኛ ትሁናት ብዬ እዚያው መስኮት ላይ ቅጠል ለቅጠል አስነክቼ አስቀመጥኳት። መሃሏ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አይቻለሁ። ግን የእናቴን የጥጥ ፍራሽ ያፈታታንበት ሰሞን ስለነበር ጥጥ ከወጡ ውስጥ ሳይቀር ይገኝ ነበር፤ ያ መሰለኝ።

የነቃሁት በጉንዳን ነው። ታች ፎቅ ያሉት እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው "ልጄ፣ እዚህ መስኮት ላይ ስኳር ደፍተሻል እንዴ?" አሉኝ። አልደፋሁም። ጉንዳኖቹ ተሰልፈው የሚወጡት ወፍራም ቅጠል ወዳላት ጄድሽ ነበር። ቅጠሏን ስነካው ጣቴን ያዘኝ። መነጽሬን አድርጌ ቀረብ ስል በግንዱና በቅጠሉ መጋጠሚያ ሁሉ ጥጥ ተጎዝጉዟል፤ ጥጡ መሃል ደግሞ ዱቄት ላይ የተንከባለለች ቅማል የምትመስል ነገር እግሯን ታንቀሳቅሳለች። ሚሊበግ ይሏታል። የተክሉን ፈሳሽ ትመጥና የተረፋትን ጣፋጭ ነገር ወደ ውጭ ትጥላለች። ጉንዳን ያንን እየላሰ እንደ ከብት ይጠብቃታል፣ ሊበላት የመጣውንም ያባርርላታል። ካልታጠበ ደግሞ እዚያ ጣፋጭ ላይ ጥቀርሻ የሚመስል ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል። ያ ጥጥ የመሰለኝ ለካ የእንቁላል ከረጢቷ ኖሯል፤ በአንዱ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ይገኛል።

ደነገጥኩና የማይደረገውን አደረግሁ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አወፍሬ በጥብጬ ሁሉንም ረጨሁና ይድረቅ ብዬ የቀትር ፀሐይ ላይ አወጣሁት። አምስቱ በሦስት ቀን ጠቆሩ። ትልቋ ኢቸቬሪያሽ ያ ሰማያዊ አመድ የነሰነሱባት የሚመስል ውበቷ ታጥቦ ወረደ። ለካ ያ አመድ ከፀሐይ የሚጠብቃት ሰሟ ነበር፤ ከቅጠሉ ላይ አንዴ ከተጠረገ ተመልሶ አይመጣም፣ አዲስ ቅጠል እስክታወጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

የሠራልኝ ነገር ከኮሮና ወዲህ ከማንም ቤት የማይጠፋው 70 በመቶ አልኮል ነው። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ እየነከርኩ እያንዳንዷን ነካኋት። ሰሟ ሲሟሟ ነጭነቷ ጠፍቶ ቡናማ ትሆናለች፤ ሞተች ማለት ነው። ማታ ማታ ነው የምሠራው፣ ተክሉም እስኪደርቅ ከፀሐይ ይርቃል። ግን እታለም፣ አንድ ጊዜ ነክቶ መተው ከንቱ ልፋት ነው። እንቁላሎቹ ይተርፉና ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይፈለፈላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እያልኩ ስድስት ሳምንት ደገምኩት።

እንዲያም ሆኖ ሁለት እሬቶች መክሳታቸውን አልተዉም፤ ላያቸው ግን ንጹሕ ነው። ከመትከያቸው ስነቅላቸው ሥራቸው ላይ ዱቄት የተነፋ ይመስላል። መጀመሪያ አፈሩ ውስጥ የሚደባለቀው ፐርላይት ነው ብዬ ነበር፤ ፐርላይት ግን በጣት ሲፈርክ ይንኮሻኮሻል፣ ይሄ ይለሰልሳል። ሚሊበግ ናት፣ ሥር ላይ የምትኖረው ዘመዷ። አፈሩን ጣልኩት፣ ሥሩን አጠብኩት፣ ጥቂት ቀን በጥላ አድርቄ በፈላ ውሃ በታጠበ መትከያ አዲስ አፈር ላይ መለስኩት፣ ለሳምንት ያህልም ውሃ አላጠጣሁትም። አንዱ ዳነ።

ያን ሰሞን ትዝ ሲለኝ የነበረው የትግራይ በለስ ነው። ኮቺኒል የምትባለዋን ነጭ ጥጥ ለባሽ ነፍሳት ቀይ ቀለም ይመረትባታል ብለው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግድም አስገቧት፤ ከቁጥጥር ወጣችና በደቡብ ትግራይ ሰውም ከብትም የሚበላውን በለስ ፈጀችው። የእኔዎቹን ስጨፈልቃቸው ያ የኮቺኒል ደማቅ ቀይ አልወጣም፤ ግን በመልክም በዝምድናም ቅርብ ናቸው። የእነዚያን ገበሬዎች ሳስብ በ23 መትከያ ማልቀሴ አሳፈረኝ። ማልቀሴን ግን አልተውኩም።

ይህን ሁሉ አሁን የምጽፍልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። እህትሽ የበረንዳሽን ፎቶ አሳየችኝ፤ እንዴት ያለ ጫካ ነው! ብርዱ ሊገባ ስለሆነ ሁሉንም ወደ ቤት ልታስገቢ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከማስገባትሽ በፊት አንድ በአንድ ገልብጠሽ እያቸው፣ በተለይ የቅጠሉን ብብት። የደረቁትን የታች ቅጠሎች ልቀሚ፣ መደበቂያቸው እዚያ ነው። አዲስ የገዛሽውን ለአንድ ወር ለብቻው ሌላ ክፍል አቆዪው፤ እኔን የጎዳኝ ይቺን አለማወቄ ነው።

ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በዓይን የማትያዝ፣ ስምንት እግር ያላት ደቃቅ ሸረሪት መሰል። የተክሉ ጫፍ ዝገት ይመስልና ቀጭን ድር ያወጣል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዘሽ ቅጠሉን መታ መታ አድርጊው፤ ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ ከተራመደ እሷ ናት። በውሃ ደህና አድርገሽ እጠቢው፣ ደጋግመሽ። ግንድ ላይ ተለጥፎ የማይነቃነቅ ቡናማ ቅርፊት ካየሽ እሱም ነፍሳት ነው፤ ግን አልኮል ብቻውን አይገባውም፣ በጥፍርሽ ፋቂው። የአበባው ዘንግ ላይ የሚርመሰመሰው ክሽክሽ ቀላል ነው፤ ዘንጉን ቆርጦ መጣል። ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ከአፈሩ ከተነሡ ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ ውሃ አብዝተሻል። (አብዝተሻልም፣ አውቅሻለሁ።)

ቅንጭብና ዘመዶቹ ላይ ዘይት ነክ መድኃኒት አትርጪ፣ ይጎዳቸዋል። ወተቱም ዓይንሽ እንዳይገባ። ማንኛውንም ነገር በአንድ ቅጠል ሞክረሽ ጥቂት ቀን ጠብቂ።

ትልቋ ኢቸቬሪያ አልተረፈችም። ግን ከመሞቷ በፊት ንጹሕ የነበሩትን አራት ቅጠሎች ቆርጬ ደረቅ አፈር ላይ አጋድሜያቸው ነበር። ሦስቱ ልጅ አውጥተዋል፤ አንዷ አሁን የስኒ አፍ ታህላለች፣ አመዷም ሙሉ ነው። በጣቴ አልነካትም።

አሁን ስትደውዪ አነሣለሁ። ከመደወልሽ በፊት ግን የጄድሽን ፎቶ ላኪልኝ፤ ከሩቅ ሳይሆን የቅጠሉን ብብት አስጠግተሽ አንሺው። እህትሽ ባሳየችኝ ላይ ጥግ ያለችው መትከያ ላይ ነጭ ነገር ያየሁ መስሎኛል፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ናፋቂሽ፣
አደራ በላዋ