ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ስኳር መድኃኒትዎ

ለምወድዎ አባቴ፣
ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረሙ? እኔም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻ በርትቶብን የደሴን ብርድ እስከ መናፈቅ ደርሰናል።

በስልክ ያልጨረስነውን ነገር በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። ባለፈው መጥቼ ቁም ሳጥንዎን ሳስተካክል፣ ለወሩ የተሰጠዎትን ሜትፎርሚን ከጋቢዎ ሥር አገኘሁት። ወሩ አልቋል፤ ክኒኑ ግን ገና ግማሹ አልተነካም። ስጠይቅዎ «ስኳሬ 110 ገብቷል፣ ደህና ሰው ምን መድኃኒት ያስውጠዋል?» አሉኝ።

አባባ፣ 110 የገባው እኮ መድኃኒቱን በዋጡባቸው ቀናት ነው። ስኳር እንደ ቃሉ ወረዳ ወባ መድኃኒቱን ጨርሰው የሚገላገሉት በሽታ አይደለም። ከ200 በላይ ወጥቶም ሰው ምንም ሳይሰማው ሥራው ላይ ሊውል ይችላል። ጉዳቱ ድምፅ ሳያሰማ ነው፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ቀስ እያለ ይበላል። በባዶ ሆድ የሚለኩት የዚያን ጠዋት ብቻ ነው የሚናገረው። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ አለ፤ ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል፣ በእድሜ ለገፋ ሰው ሐኪሙ ትንሽ ሊያላላው ይችላል። እሱን እናሠራ።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ጎረቤታችን ለኢንሱሊን ብለው የስንቱን በር እንዳንኳኩ ያስታውሳሉ። እርስዎም አንድ እሽግ ክኒን ሲያገኙ ዱዓ አድርገው ነበር የተቀበሉት። ያ መድኃኒት ዛሬ ከጋቢ ሥር ተቀምጦ ማየቴ ነው ያንገበገበኝ።

ቸልተኝነት ነው ብዬ አላምንም። ሜትፎርሚን ሆድ ያውካል። እርስዎ ደግሞ ለቅሶ ቤትና ሽምግልና ላይ የሚውሉ ሰው ነዎት፤ ከሰው መሀል እየተነሡ መጸዳጃ ቤት መጠየቅ ይከብድዎታል። የጠዋቱን የሚተዉት ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ለሐኪሙ ነግረውት ያውቃሉ? ከምግብ ጋር መዋጡ ሆድን ያረጋጋል፤ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ቀስ እያለ የሚሟሟ ዓይነትም አለ። ሐኪሙ «በትክክል ይወስዳሉ?» ሲልዎት «አዎ» ካሉት ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሊጨምርብዎት ይችላል። ያኔ የተጨመረውን አንድ ቀን በትክክል ቢውጡት መጠኑ እንዳይበዛብዎት ነው የምፈራው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ረመዳን እየቀረበ ነው። ሁለተኛው ክኒንዎ፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ሳይበሉ ከዋሉ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል። አምና ከዐስር ሶላት በኋላ ላብ አጥምቆዎት እጅዎ ሲንቀጠቀጥ «ጾሙ ነው» ብለው ጋደም አሉ። ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን መፍታት ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በሱረቱል በቀራ የታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ መፈቀዱን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጣት ወግቶ መለካትም ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለሞች ይናገራሉ።

ጁምዓ በእግርዎ እንዲሄዱ፣ ቁርኣንዎን በራስዎ ዓይን እንዲቀሩ፣ ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠው እንዲጫወቱ እፈልጋለሁ። ቡናው ያለ ስኳር ይሁንልኝ እንጂ ጨዋታውን ማንም አይከለክልዎትም። እማዬም ማታ ማታ እግርዎን ታጥበው ሲጨርሱ በጣቶችዎ መሀል ቁስል እንዳለ ትይልዎት፤ እግርዎ ስለደነዘዘ ጫማ ቢልጥዎትም ላይሰማዎት ይችላል።

ሐሙስ እመጣለሁ። የክትትል ካርድዎን ያዘጋጁ፤ የተረፉትን ክኒኖች በሙሉ በፌስታል ይዘን ለሐኪሙ እናሳየዋለን። የረመዳኑን ሰዓትና መጠን እሱ ያስተካክልልዎታል። እስከዚያው ያመለጠዎትን ላካክስ ብለው ሁለት መጠን አንድ ላይ እንዳይውጡ አደራዎን።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ
ከኮምቦልቻ