የራቀ አባት ልጁን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ማስታወቂያ ይበዛል። ልጁን አክስት ወይም አያት ዘንድ ትቶ ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚሠራ ወላጅን ግን ከትምህርቱ ክፍያ ይልቅ የሚቸግረው የስልኩ ወሬ ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «እያጠናሽ ነው?» «አዎ።» ከዚያ ዝምታ። ልጆቹ ወሬ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጥያቄው ከአንድ ቃል በላይ መልስ ስለማይፈልግ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ቶማስ ጄፈርሰን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ኒውዮርክ ተቀመጠ። እናቷ በ1782 የሞተችባት የ11 ዓመት ልጁ ማሪያ፣ በቤት ስሟ ፖሊ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኤፒንግተን በሚባል እርሻ ከአክስቷ ጋር ነበረች። አባቷ ኤፕሪል 11 በጻፈላት ደብዳቤ የጠየቃት እንዲህ ያለውን ነው፦ ፀሐይ ስትወጣ በየቀኑ ታያለሽ ወይ? በቀን ስንት ገጽ ታነቢያለሽ? ስንት ሰዓት ትሰፊያለሽ? ፑዲንግ መሥራት፣ ስፒናች መዝራት፣ ዶሮ ማስታቀፍ ችለሻል?

ጁን 13 ደግሞ የራሱን አስቀድሞ ነገራት። ኒውዮርክ አተርና እንጆሪ የደረሰው በወሩ 8ኛው ቀን ነው፤ በምሽት የምትጮኸውን ዊፐርዊል የተባለች ወፍም በዚያው ቀን ሰማ። እናንተ ዘንድስ መቼ ነው? ወፏ ሁልጊዜ ከአተሩና ከእንጆሪው ጋር ትመጣ እንደሆነ ተመልከቺ አላት። ፖሊ በመልሷ አተር ሜይ 10፣ እንጆሪ ሜይ 17 መድረሱን ጻፈች፤ ወፎቹን ግን በጫጩቶቿ ተጠምዳ ልብ አላለቻቸውም። ጫጩቶቹም ግማሾቹ ሞተው ለእሷና ለአክስቷ ልጅ የቀሩት 13 ብቻ ነበሩ። የሁለቱ ቦታዎች አተር የ29 ቀን ልዩነት እንዳለው ከዚህ ደብዳቤ የተማረች ልጅ የአየር ንብረት ትምህርት አይከብዳትም።

አንድ ነገር መዝለል ግን ትክክል አይሆንም። ኤፒንግተንም ሆነ የጄፈርሰን ሞንቲቼሎ በባሪያ ጉልበት የቆሙ እርሻዎች ነበሩ። ለፖሊ ትምህርት የሆነው ሥራ በባርነት ለተያዙት ግዴታ ነበር።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለእኛ ክረምት የሚስማማው ዶሮ ማስታቀፉ ነው፤ 21 ቀን ስለሚፈጅ ከዕረፍቱ ጋር ይገጥማል። ልጅቷ ሐምሌ 5 ማታ ብታስታቅፍ ሐምሌ 26 ገደማ ይፈለፈላል። ለአንዲት የአበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ዳር ዳር ያለው ሙቀት አያገኝም። እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ ከተጣለ ከሳምንት ያላለፈና ያልታጠበ ይሁን፤ እስኪታቀፍ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም በአንድ ምሽት ይግባና እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ሌሎች ዶሮዎች እየገቡ ስለሚጥሉ ምልክት የሌለው በየቀኑ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ዶሮዋ መጀመሪያ የተፈለፈሉትን ይዛ ስትነሳ ዘግይቶ የተጨመረው ይበርዳል። ውኃና እህሉ ቅርብ ይሁን፤ በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ተነስታ እንድትመለስ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ልጆች አዝነው ቅርፊቱን ይልጣሉ፤ የውስጡ ደም ሥር ገና ስላልደረቀ ጫጩቷ ደምታ ትሞታለች። ራሷ ትውጣ። የመጀመሪያውን ቀን ሆዷ ውስጥ የቀረው አስኳል ስለሚያቆያት በግድ ማብላት አያስፈልግም። የውኃው ሳህን ዝርግ ሆኖ ጠጠር ይግባበት፤ ጥልቅ ከሆነ ይሰጥማሉ፣ ወይም ረጥበው በብርድ ያልቃሉ። በክረምት የሚገድለው እርጥበቱ ነው። ገለባው ሲረጥብ በዚያው ቀን ካልተቀየረ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል። ስለዚህ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጭልፊትና ድመት የማይደርስበት ደረቅ ቦታ ያስፈልጋል። ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታ ክትባት አቅራቢያ ካለው የእንስሳት ክሊኒክ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለሩቁ ወላጅ የሚመቸው ቀን ሰባተኛው ነው። ሐምሌ 12 ማታ ልጅቷ ጨለማ ክፍል ገብታ፣ ካርቶን በስታ፣ እንቁላሉን ቀዳዳው ላይ አስደግፋ የስልክ መብራት ከበስተኋላው ታብራ። ሕይወት ያለው ከጥቁር ነጥብ የሚዘረጉ ቀያይ ክሮች ያሳያል፤ አውራ ያልነካው ግን ጥርት ብሎ ያበራል፣ እሱን ማውጣት ነው። በዚያ ምሽት የሚደውል አባት «ደህና ነሽ?» ካለ በኋላ «ከ12ቱ ስንቱ ላይ ቀዩን ክር አየሽ?» ብሎ ይጠይቃት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ